የጣልህ ጢስ

ልጅ ሳለሁ አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልተፈጠረብኝም። ሌሎች ልጆች ተረት ሲሰሙ አፋቸውን ከፍተው ይፈዛሉ ይባላል፤ እኔ ግን ተረት በተጀመረ ቁጥር እግሬን ይበላኝ ነበር። የአልጋውን ጠፍር እየነካካሁ፣ አሸዋውን በጣቴ እየጫርኩ፣ ተነሥቼ ውሃ ጠጥቼ እየተመለስኩ፣ ደግሞ ተነሥቼ በሩን እያየሁ ነው ያደግሁት። ያኔ የምንኖረው ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንዲት ሱዳናዊት ባልቴት ግቢ ጓሮ በተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች ነበር፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሰው እንደኔ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ትልልቆቹ እግራቸው ባይንቀሳቀስም ልባቸው አያርፍም። ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድበትን ቀን የማይጠብቅ አልነበረም፤ ሻንጣው ግማሹ ሞልቶ ከአልጋ ሥር ይቀመጣል። እማዬ «ለምንሄድበት ቤት ይሁን» እያለች የገዛችውን መጋረጃ እንኳ ሳትሰቅለው ዓመታት አለፉ።

አባቴ እኔ በእናቴ ሆድ ሳለሁ ከድንበሩ ማዶ ቀርቷል። በጓሮው የነበርነው እኔና እማዬ፣ ከእኛ ጋር አንድ ክፍል የምትጋራው ዘይነባ፣ በጎናችን ባለችው ክፍል ደግሞ ጋሽ ተድላ ነበርን። በፊት ለፊቱ ትልቅ ቤት የግቢው ባለቤት ሐጃ ይኖሩበታል። ዘይነባ ከወሎ የመጣች፣ ገና ያላገባች፣ ሳቋ ከግቢ ግቢ የሚሰማ ልጅ ነበረች። ለሐጃ ታጥባለች፣ ትጠርጋለች፣ ታበስላለች፤ ሐጃም ለመኖሪያ ፈቃዷ ዋስ ሆነውላታል። ያኔ ወረቀት የሌላት ሴት «ከሻ» ከምንለው የፖሊስ አፈሳ ጋር መንገድ ላይ ከተገጣጠመች በጭነት መኪና ወደ ድንበር መመለሷ ነው። ስለዚህ የዘይነባ እንጀራም፣ ፈቃድም፣ ስምም በሐጃ እጅ ነበር።

ሐጃ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ በጉንጫቸው ላይ ሦስት ሦስት የቆየ ጠባሳ ያለባቸው ሴት ነበሩ። እኔን «ነሕላ» ይሉኛል፣ ንብ ማለታቸው ነው፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ልጆች «ሐቦባ» እላቸዋለሁ፣ አያቴ ማለቴ ነው። በእሳቸው ቤትና በእኛ ክፍል መካከል ሳህን ይመላለስ ነበር። የእሳቸው ሳህን ወጥ ይዞ ይመጣል፣ የእኛ ዳቦ ይዞ ይሄዳል፤ ባዶውን የተመለሰ ሳህን አይቼ አላውቅም።

ተረት ነጋሪያችን ግን ጋሽ ተድላ ነበር። አገር ቤት ሳለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ሰው ልጆች ባህል ያስተምር ነበር፤ ካርቱም ከመጣ ወዲህ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ በሚባለው ከተማ በአንድ የመኪና ዕቃ መጋዘን ዕቃ ሲቀበልና ሲያስረክብ ይውላል። ማታ ድልድዩን ተሻግሮ፣ በሚኒባስ ታጭቆ፣ አቧራ ለብሶ ይመጣል። መብራት ከጠፋ (በበጋ ያልጠፋበት ቀን ትዝ አይለኝም) እማዬ ፋኖሱን ትለኩሳለች፣ ለትንኝ ብላ ፍም ላይ የኒም ቅጠል ታደርጋለች፣ እኛም አልጋዎቻችንን ወደ ግቢው አውጥተን በዚያ መራራ ጢስ መካከል እንሰበሰባለን። ጋሼ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግና ይጀምራል። እንደ ሌላ ተረት ነጋሪ «አንድ ሰው ነበረ» አይልም። «አንድ አገር አለ» ነው የሚለው። ስሙን ግን አይነግረንም።

«አንድ አገር አለ» አለን አንድ ማታ፣ «የዚያ አገር ሽማግሌዎች አንድን ልጅ በጣም ሲወዱት ይተፉበታል። የበለጠ ከወደዱት እናትዮዋ ልጁን ወደ ተፊው ታስጠጋለች።» እኔ ከአልጋዬ ላይ ዘልዬ ወርጄ ምን ዓይነት ቆሻሾች ናቸው ብዬ ጮህኩ። ዘይነባ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ጋሼ እስክጨርስ ጠበቀኝና «ባለፈው ዓርብ ከገዳሪፍ የመጡት ሽማግሌ እንትፍ እንትፍ ብለው ሲመርቁሽ ራስሽን ማን ነበር ያስጠጋው?» አለኝ። እማዬ ነበረች። እጄን ወደ ፀጉሬ ሰድጄ ዳሰስኩት፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምራቅ መሆኑን አስቤው አላውቅም ነበር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰው የአጎቱን ልጅ ካላገባ ቤተ ዘመዱ የሚያዝንበት አገርና ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዘመድ ሆና ከተገኘች ሙሽራ በሠርጓ ዋዜማ የምትመለስበት አገር ጎን ለጎን እንዳሉ ነገረን። የመጀመሪያዎቹ ስለ ሁለተኞቹ «ሥጋቸውን ለባዳ የሚበትኑ ጨካኞች» ይላሉ፤ ሁለተኞቹ ስለ መጀመሪያዎቹ የሚሉትን አፍ አውጥተን ለመናገር እንኳ ይቀፈናል። እኔ «የአጎቷን ልጅ! ኡኡ!» ስል ጋሼ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በአገጩ ወደ ሐጃ መስኮት ጠቆመኝ። ሟቹ ባላቸው የአጎታቸው ልጅ እንደነበሩ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

ከእያንዳንዱ ተረት በኋላ ጥያቄ ነበረው፤ እኔ ለመሮጥ ስቁነጠነጥ ቀሚሴን ይዞ ሳልመልስ አይለቀኝም። ማን ነው የሚያደርገው? መቼ ነው የሚደረገው? ባይደረግስ ምን ይመጣል? «እነዚህን ሳትጠይቂ በሰው አገር ነገር ላይ አትሳቂ፣ አትቆጪም» ይለኝ ነበር። እኔ ጥያቄዎቹን የወደድኳቸው ከመልስ በኋላ መሮጥ ስለሚፈቀድልኝ ነው። እንደ ጸሎት በቃሌ እልና እመር እላለሁ። የኔ መጣደፍ ያስቀው ነበር።

ዘይነባን ወገቧን ያመማት በዚያው በጋ መጨረሻ ነው። ሐጃ ቤት እንግዶች ሰንብተው አንሶላውና ብርድ ልብሱ ሁሉ በእጅ ታጥቧል። ጎንበስ ካለች ቀና ማለት ያቅታታል። እማዬ አገር ቤት ቢሆን ወይባ ታጥና በሁለት ቀን ትነሣ ነበር እያለች ተብሰለሰለች። ወይባ ግን ካርቱም የለም። ያለው ጣልህ ነው፤ የሱዳን ሴቶች ጉድጓድ ቆፍረው፣ ፍም አድርገው፣ የሚታጠኑበት እንጨት። እማዬ የሱዳን ሙሽሮች ሲታጠኑ ሰምታለች፣ አራሶችም ሲታጠኑ ታውቃለች፤ በእኛም አገር ሙሽራና አራስ ይታጠናል። ታዲያ የእኛና የእነሱ አንድ ነው አለች። ይህን ያህል የሚመሳሰል ነገር ያሳስታል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ጣልሁን ስትገዛ አብሬያት ነበርኩ። ሻጭዋ እንጨቱን በጋዜጣ እየጠቀለለች «ሙሽራ አለች እንዴ?» ብላ በዐረብኛ ጠየቀቻት። እማዬ ሳቀችና «የለችም፣ ታማሚ ናት ያለችው» አለቻት። ሴትየዋ ቅንድቧን አነሣች፣ ዋጋዋን ተቀበለች፣ ወደ ሌላ ገበያተኛ ዞረች። እኔ እማዬን በቀሚሷ እየጎተትኩ ቶሎ እንሂድ እያልኩ ነበር።

ጀንበር ስትጠልቅ እማዬ ከጓሮው የኒም ዛፍ ሥር ትንሽ ጉድጓድ ቆፈረች። ፍሙ ላይ ጣልሁ ሲደረግ ጣፋጭና ከባድ ጢስ ተነሣ፤ ከኒሙ ጢስ ጋር የማይመሳሰል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ጢስ። ዘይነባ መሐሉ በተቀደደ ሰሌን ላይ ተቀምጣ እስከ አንገቷ በብርድ ልብስ ተጠቀለለች። ላብ በግንባሯ ይወርዳል፤ «እሰይ፣ እሰይ፣ እትዬ አስካለ፣ አላህ ይስጥሽ» እያለች እማዬን ትመርቃለች። በወዲያኛው የግቢው ጥግ ጋሼ ፋኖሱ አጠገብ ተረቱን ጀምሯል፤ እኔ በሁለቱ መካከል እየተመላለስኩ ግማሹን ተረት ሰማሁ፣ ግማሹን ጢስ ጠጣሁ። በማግስቱ ዘይነባ ወገቧ ቀንቶ፣ ቆዳዋ ወርቅ መስሎ ወደ ሐጃ ቤት ገባች።

ብዙም አልቆየች። በተጨበጠ እጇ አፏን ይዛ ተመልሳ መጥታ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ምን ሆንሽ ብትባል አትናገርም። ከዚያ ሳህኑ መጣ። ትናንት ዳቦ ልከንበት የነበረው ሳህናችን፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ባዶውን ደጃፋችን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል፤ ያን ቀን ፍትፍቱም ፊቱም አንድ ላይ ተነሡብን። እማዬ ሳህኑን አገላብጣ አየችው፣ እንደገና አገላበጠችው።

ሐጃ ከሰዓት በኋላ ራሳቸው መጡ፤ ከበሩ ግን አላለፉም። ድምፃቸውን ሳያነሡ ተናገሩ። ልጅቷን እንደ ልጄ ነው ቤቴ ያስገባኋት፣ በስሜ ነው ፈቃድ ያወጣችው፣ ወላሂ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገርኳትም፤ አሁን የጣልህ ሽታ ይዛ ገባችብኝ፤ የሠራችውን ትንገረኝ፣ ሰውየው ማን ነው? አሉ። እማዬ የትኛው ሰውዬ አለች። የሐጃ ዓይን ቀስ ብሎ በጋሽ ተድላ በር ላይ አረፈ። «እስከ ዓርብ ድረስ» አሉና የሚከናነቡትን ቶብ ሰብሰብ አድርገው ተመለሱ። እስከ ዓርብ ሰውየው ካልታወቀ ዘይነባ ከቤታቸውም ከዋስትናቸውም መውጣቷ ነው፣ እኛም ከግቢያቸው።

ጋሼ ያን ቀን ሥራ አልገባም ነበርና ሁሉንም ሰምቷል። ከክፍሉ ሲወጣ አላወቅሁትም። ያ መነጽሩን እየጠረገ በዝግታ የሚናገር ሰው ተንቀጠቀጠ። «እነዚህ ኋላ ቀሮች!» ብሎ በአማርኛ ጮኸ። «ጢስ አሽትተው ሰው የሚኮንኑ! መሃይሞች! ከእነዚህ ጋር ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት!» ዘይነባ አልጋዋ ላይ ተነሥታ ተቀመጠች። «ጋሽ ተድላ፣ ስለ አላህ ብለህ ዝም በል። እኔ ልሂድ፣ እናንተን ከቤት አላስወጣ» አለችና ልብሷን በሻሽ መቋጠር ጀመረች። ወዴት እንደምትሄድ አልተናገረችም፤ መሄጃ እንደሌላት ሁላችንም እናውቃለን። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚሉት እናቷ ወሎ ላይ ይህን ቢሰሙ ምን ይሆናሉ ብላ አለቀሰች።

እኔ ፈራሁ። በጣም ነው የፈራሁት። ስፈራ ደግሞ ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረ ያንን በቃሌ የያዝኩትን መናገር ጀመርኩ፤ ከበሩ ወደ ዛፉ፣ ከዛፉ ወደ በሩ እየሮጥኩ ማን ነው የሚያደርገው፣ መቼ ነው የሚደረገው፣ ባይደረግስ እላለሁ። በመጨረሻ ጋሼ ፊት ቆምኩና «ጋሼ፣ እነሱ ጋ የሚታጠነው ማን ነው?» አልኩት።

ነገር ለመናገር ብዬ አልነበረም። እሱ ግን በጥፊ የተመታ ይመስል ወደ ኋላ ሸሸት አለ። መነጽሩን አወለቀ፣ ሳይጠርገው መልሶ አደረገው፣ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ጥያቄዬን ያነሣችው እማዬ ነበረች። «ማን ነው የሚታጠነው?» ብላ ራሷን ጠየቀች፤ ያቺ ሻጭ «ሙሽራ አለች እንዴ?» ያለቻት ያኔ ትዝ አላት መሰለኝ፣ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። በእነሱ ዘንድ ጢሱ ያገባች ሴት ምልክት ነው። ያላገባች አትታጠንም፤ ባሏ የሞተባትም ትተዋለች። ሐጃ እንኳ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የግቢያቸውን ጉድጓድ በቆርቆሮ ከድነውት ድስት ያስቀምጡበት ነበር፤ እኛ በዚያ ቆርቆሮ ላይ እየዘለልን ስንጫወት ኖረናል። ያላገባች ልጅ ያ ሽታ ካለባት ታዲያ ለሸሸገችው ወንድ የታጠነች ናት። ዘይነባ በማለዳ ወደ ሐጃ ቤት ስትገባ ከአፏ ቃል ሳይወጣ ቆዳዋ ተናግሮባታል።

እማዬ ሐጃ ዘንድ ሄዳ አስረዳች። ተመልሳ ስትመጣ ከፊቷ እንዳላመኗት አወቅሁ። ማን ያምናል? የአከራይና የተከራይ ነገር፣ በተሰባበረ ዐረብኛ፣ ጥፋተኛ ከተባለችው ጋር አንድ ክፍል የምትኖር ሴት ስትናገር! እማዬ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ተቀመጠች፤ ከማን እንደ ወረስኩት ያን ቀን ገባኝ። ከዚያ ምንም ሳትናገር የተረፈውን ጣልህ ከጋዜጣው ፈታች።

ሐጃ ለምሽቱ የመግሪብ ሶላት ውሃ ሊቀዱ የሚወጡበትን ሰዓት ጠብቃ ነው ያደረገችው። የዛፉን ሥር ጉድጓድ ትታ በግቢው መሐል፣ ከሐጃ በር ፊት ለፊት ሌላ ቆፈረች። ፍም ጨመረች፣ ጣልሁን አደረገች፣ ሰሌኑን አነጠፈች፤ ከዚያ እጄን ያዘች። እኔ ያጠፋሁት ነገር ኖሮ ልቀጣ መሰለኝ። ቀሚሴን እንደለበስኩ ሰሌኑ ላይ አስቀምጣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ጠቀለለችብኝ። «እንዳትነሺ» አለችኝ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ብላኛለች! በዚያ ድምፅ ግን ብላኝ አታውቅም። ዓይኔ አለቀሰ፣ ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ ጉልበቴ ካልሮጥኩ አለ፤ አልተነሣሁም። በሕይወቴ ያን ያህል የከበደኝ ሥራ የለም።

ሐጃ ብቅ ሲሉ የውሃ መቅጃው ከእጃቸው ወደቀ። «ኢንቲ መጅኑና?» ብለው ጮኹ፤ አብደሻል እንዴ ማለታቸው ነው። እማዬ ከኋላዬ ቆማ ሁለት እጆቿን ትከሻዬ ላይ አድርጋለች፤ እጆቿ ሲንቀጠቀጡ ይሰማኛል። «ሐጃ፣ ይቺ ልጄ ናት፤ ሌላ የለኝም» አለች። «በአገሬ ይህ ጢስ ለሙሽራም ነው፣ ለአራስም ነው፣ ወገቡን ላመመውም ነው። እንደሚያስቡት ቢሆን ኖሮ ልጄን አስቀምጥበታለሁ? በገዛ እጄ?»

ሐጃ ሮጡ። እኚያ ቀጥ ያሉ ሴት በባዶ እግራቸው በአሸዋው ላይ ሲሮጡ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ከሰሌኑ ላይ መንጭቀው አነሡኝ፣ «ኸላስ! ኸላስ!»፣ በቃ በቃ፣ እያሉ በቶባቸው ራሴን ማራገብ፣ ጢሱን ከፀጉሬ ማራገፍ ጀመሩ፤ ደረታቸው ላይ አጣብቀውኝ ልባቸው ሲመታ እሰማለሁ። ከጢሱ ይሁን ከሌላ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከዚያ ለእማዬ የተናገሯትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «አመንኩሽ» አሏት። «ጢሱ ግን አጥር ይዘላል። ለጎረቤቱ ሁሉ ልጅሽን እያስቀመጥሽ ልታስረጂ ነው?»

መልሱን ያገኙት ራሳቸው ሐጃ ናቸው። ዘይነባንና እኔን ወደ ውስጠኛው ክፍላቸው አስገብተው በሩን ዘጉ፤ ዘይነባ ወባ ይዟታል፣ ትንሿ ታስታምማታለች አሉ ለጎረቤት ሁሉ። ሽታው ከቆዳችን እስኪለቅ ከዚያ አልወጣንም። በሎሚና በሳሙና አጠቡን፣ ልብሳችንን ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ ሲመሽ ፋኖሱን ይዘው ይመጡና ያሸቱናል፤ «ገና ነው» ይሉና አጠገባችን ተቀምጠው በተራቸው ተረት ይነግሩናል። እኔ በአራት ግድግዳ መካከል ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ ነበር። ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አልጋ። ያም ሆኖ አንዱ ተረታቸው አብሮኝ ቀርቷል።

አንዲት ልጅ፣ አሉ፣ ወደ ጅቦች አገር ተዳረች። ጅቦች ሲያዝኑ የሚስቁ ናቸው። የባሏ አባት ሞተና ልጅቷ እንደ አገሯ ወግ እንባዋን አፍስሳ አለቀሰች፤ ጅቦቹም ሰደበችን፣ ሽማግሌያችን ሞቶ ደስ አላት ብለው ሊበሏት ተነሡ። ዘይነባ ተነሥታ ተቀመጠችና «ከዚያስ፣ ሐጃ?» አለች። ሐጃ የፋኖሱን ክር ዝቅ አደረጉ። «ከዚያማ አማቷ ጓዳ አስገብታ ሳቅ አስተማረቻት» አሉ። ዘይነባ ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሐጃ በድንጋጤ አፏን በመዳፋቸው ከደኑት፣ ወባ የያዘው ሰው እንዲህ አይስቅምና።

ዓርብ መጥቶ አለፈ፤ ከግቢው የወጣ የለም። ስንፈታ ሳህኑ በወጥ ተሞልቶ መጣ። ጋሼም ቆይቶ ወደ ፋኖሱ ተመለሰ። ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አላለም፤ ግን «አንድ አገር አለ» ካለ በኋላ ቆም ይልና ወደ ሐጃ መስኮት ይመለከት ነበር፤ አንዳንዴም «ይህን እንኳ ሐጃን ብንጠይቃቸው ይሻላል» ብሎ ተረቱን ይተወዋል። የሚጠብቀው ቀን ደረሰና እሱም ሻንጣውን ሞልቶ ሄደ። ዘይነባን ሐጃ ራሳቸው ዳሯት፣ በጎረቤት ጉድጓድ በወግ አጠኗት፣ ከባሏም ጋር ወሎ ገባች። እኛ ቀረን፤ እማዬ አንድ ቀን ተናዳ መጋረጃውን ሰቀለችው።

ዓመታት አልፈው ሁለት ሺዎቹ ከገቡ በኋላ እዚያው ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የመጀመሪያ ዓመት ላይ መምህሯ በሰሌዳው ላይ በዐረብኛ ቃላት ትደረድር ጀመር፤ ባህል፣ ዝምድና፣ ልውውጥ፣ የሽግግር ሥርዓት፣ የራስን ልማድ ለሰው ሁሉ መለኪያ ማድረግ። ተማሪው ይገለብጣል፣ እኔ እቁነጠነጣለሁ። እያንዳንዱን አውቀዋለሁ፤ አንዱ ምራቅ ነው፣ አንዱ የሐጃ ባል ነው፣ አንዱ ባዶ ሳህን ነው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን ያ ደግ ሰው ሲንቀጠቀጥ ፊቴ ድቅን አለ። የሩቁን አገር ሁሉ የሚያውቅ ሰው በሁለት ክንድ ርቀት ያለውን ጉድጓድ አለማወቁ ያኔ አስቆጥቶኝ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ሳስበው ግን አዘንኩለት። የሰው አገር ነገር የራስን ስም ሲነካ ተረት ሆኖ አይቀርም። ይህን ሰሌዳው ላይ አልጻፈችውም። ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጥቼ ደወሉ እስኪደወል በረንዳው ላይ ወዲህ ወዲያ ስል ቆየሁ።

የሠርጌ ሳምንት ሐጃ አርጅተዋል፤ ጀርባቸው ጎብጧል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። የማገባው የእኛው አገር ልጅ ቢሆንም እሳቸው ማንንም አላማከሩም። ድስቶቹን አስነሡ፣ ያንን ቆርቆሮ አስገለጡ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያልተከፈተውን ጉድጓድ በእጃቸው ጠረጉት። ፍሙን ራሳቸው አደረጉ። እኔ እንደ ልማዴ የምሠራው አለኝ፣ የምደርስበት አለኝ እያልኩ ስዞር ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱት።

«ያ ነሕላ»፣ አንቺ ንብ፣ አሉኝ፣ «ያኔ በእናትሽ አገር ነበር የተቀመጥሽው። ዛሬ በኔ አገር ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ጢሱ ያው ነው፤ ያው ጣፋጭ፣ ያው ከባድ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ። ብርድ ልብሱ ውስጥ ላቤ እየወረደ ማን ነው የሚያደርገው፣ መቼ ነው የሚደረገው እላለሁ በሆዴ፤ ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ትከሻዬ ላይ ያኔ ይንቀጠቀጡ የነበሩት እጆች ትዝ ብለውኝ። የዚያን ጊዜ ብነሣ ኖሮ ዘይነባ ምን ትሆን ነበር?

እማዬ ከገበያ ስትመለስ ከበሩ ላይ ቆመች። አየሩን ሳበች። ምን ቀን እንደሆነ ታውቃለች፣ ለማን እንደሆነም ታውቃለች፤ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ በአማርኛ «ምነው ልጄ፣ ወገብሽን አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

ሐጃ ከዘይነባ ዘመን ጀምሮ «ወገብ» የሚለውን ቃል ያውቁታል። ምርኩዛቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ፣ እማዬም ሳቀች፤ ሁለት አሮጊቶች አንድ ጢስ ከበው ይስቃሉ፣ እኔ በመሐላቸው ተጠቅልዬ ተቀምጫለሁ። ፍሙ ከሰመ፣ ተነሺ አሉኝ፣ ያላ ተነሺ እንግዳ ሊመጣ ነው አሉኝ። «ገና ነው» አልኳቸው።